ጋቢና ለአራስ

ልጄ ገና ሁለት ወሩ ነበር። እኔን ልታርስ ወልቂጤ የከረመችው እናቴ መስቀልን ጉንችሬ ካልዋልን ብላ ስታስጨንቀን፣ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ መጣልን። እናቴ የፊቱን በር ራሷ ከፍታ «ግቢ! ጋቢና ለአራስ ነው» አለችኝ። እኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሕፃን የታቀፈች ከመጣች ሽማግሌ ተነስቶ ጋቢናውን ይለቅላታል።

ወንድሜ በሩን መልሶ ዘጋው። «ሕፃን ይዛ እዚህ አትቀመጥም።»

እናቴ አራስ ነብር ሆነች። «ምን ሆንክ አንተ? አራስን እንደ ጆንያ ከኋላ ልትጭናት ነው?»

ያኔ ኤርባግ ያለው መኪና ለእኛ ብርቅ ነበር። ዳሽቦርዱን እየነካ አስረዳት። እዚህ ውስጥ የታጠፈ ከረጢት አለ፤ መኪናው በኃይል ሲጋጭ ዓይን ሳይርገበገብ ፈንድቶ ይነፋል። ትልቅ ሰው ቀበቶ ካሰረ፣ ቀበቶው ወደፊት እንዳይወረወር ይይዘዋል፣ ከረጢቱ ደግሞ ፊቱንና ደረቱን ይቀበለዋል። ጭን ላይ ያለን ሕፃን ግን ከረጢቱ ራሱ ነው የሚመታው።

«ሟርተኛ! በበዓል ቀን!» አለችው። እኔም ተናድጄ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባ ሁሉ አዋቂ ይሆንብናል እያልኩ ከኋላ ገባሁ። ወንድሜ እናቴን ለምኖ ጋቢና አስቀመጣትና ቀበቶውን በገዛ እጁ አሰረላት። እሷ ግን አኩርፋ የቅቤ ማሰሮዋን ጭኗ ላይ አደረገች። «በሞቴ፣ ታች አድርጊው» ቢላት «ይሄንንም ልትከለክለኝ ነው?» አለች። ተዋት።

መንገድ ላይ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። የፈሩት ይደርሳል። ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ትከሻዬ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላተመ፤ ከዳሽቦርዱ የፈነዳው ከረጢት ነጭ ብናኝ መኪናውን ሞላው። ልጄ እቅፌ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ነፍሴ ተመለሰች። ጌታ ይመስገን! እናቴም ቀበቶዋ እንደያዛት ተቀምጣለች። ማሰሮው ግን ጭኗ ላይ ደቅቋል፤ ስባሪው ክንዷን ቆርጦት ደሙ ከቅቤው ጋር ቀሚሷ ላይ ይፈሳል።

ወንድሜ ሮጦ በሩን ከፈተላት። «እማ፣ ተጎዳሽ?»

ክንዷን ከነመፈጠሩም የረሳችው መሰለኝ። ጭኗን ብቻ ታያለች።

ልጄ ደህና መሆኑን እንድታይ ላስጠጋላት ስል በደህና እጇ ገፋችኝ። «አታምጪው!» እናቴን ከዚያ በፊት እንዲህ ስታለቅስ ያየኋት አባቴ የሞተ ጊዜ ብቻ ነበር።

«ወይኔ! አክብሬ ልገድለው ነበር እኮ» አለች። ያን ቀን ሙሉ ልጁን አልነካችውም።