የማን ነው ልቅሶው?

ባለፈው ሳምንት ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር የጋሽ ይመርን አልበም ከፈተ። ጋሽ ይመር ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አልበሙን ያወጣችው ልጃቸው ናት። ሸበቶ ሰው በኤሌክትሪክ ጊታር ሮክ ሲያስጮህ መስማት ያልለመደ መንገደኛ መጀመሪያ መሣቁ አይቀርም፤ የእኛም ሚኒባስ ሣቀ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ዘፈኑ መሀል ላይ የአንዲት ልጅ ድምፅ ይገባል፤ «ጋሼ፣ ልቅሶ አለ።» ጊታሩ ቀጥ ይላል። «ውይ! የማን ነው ልቅሶው?» ይላሉ ጋሽ ይመር። ከዚያ ገመድ ሲነቀል ይሰማል፤ አልበሙም እዚያው ላይ ያልቃል።

«ሰው ማለት ይኼ ነው! ዘፈኑን ጥሎ ለልቅሶ!» አሉ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ያችንም ልጅ አላህ ይባርካት፤ ወግ የምታውቅ ናት።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ መካነ ሰላም ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ እንሄዳለን፤ እሑድ የሳምንት ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ክፍላችን ሁልጊዜ በርበሬና ላምባ ይሸት ነበር። ጋሽ ይመር ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ባንድ ውስጥ ሲጫወቱ ፈጅተው፣ ጠጉራቸው ሲነጣ ወደ ተወለዱበት ቤት የተመለሱ ሰው ናቸው። «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ ቃሬዛ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ጊታራቸው ሲያጓራ ሰፈሩ ይናወጣል፤ እኛም «ወፍጮው ተነሣ» እየተባባልን አጥራቸው ላይ እንለጠፋለን። ሲያዩን አያባርሩንም፤ እንዲያውም ድምፁን ይጨምሩልናል።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ሆነ። እኔ ግጥም እንዳነብ ተመርጬ ነበር። ከማጥናቴ ብዛት ያከራዩን ሴትዮ ዶሮዎች ሳይቀሩ ሸምድደውታል ብል አላጋነንኩም። ያልተማረው አባቴ እኔን መድረክ ላይ ለማየት ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጣ። ከእኔ በፊት ተራው የጋሽ ይመር ነበር። የራሳቸውን ቴፕ እንዲቀዳ ከፍተው መዝፈን ጀመሩ፤ አንድ ብለው ሕዝቡ ድገም አለ፣ ሁለት ብለው ድገም ተባሉ። ሦስተኛ ላይ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘፍኑትን አዲስ ዘፈናቸውን ጀመሩ። ሰማዩ ጠቆረ። አባቴ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየና ጃንጥላውን አነሣ። ወንዙ ሳይሞላ መሻገር ነበረበት፤ ገባኝ። ሳይሰማኝ ሊሄድ ነው።

በእኛ አገር ልቅሶ አለ ከተባለ ሠርግም ቢሆን ከበሮው ይቆማል። ማንም እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ በሞት የሚዋሽ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሮጬ መድረኩ ላይ ወጣሁና ጠጋ ብዬ ያልኩትን አልኩ። «የማን ነው ልቅሶው?» ብለውኝ ወዲያው የቴፑን ገመድ ስለነቀሉ መልሴ አልተቀዳም። አፌ ላይ የመጣልኝ ታመው የከረሙት፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የሚኖሩት እማማ ሽታዬ ናቸው። «የእማማ ሽታዬ» አልኩ በጆሯቸው።

ልቅሶ ዘፈኑን ካስቆመ ግጥሜንም እንደሚያስቆመው ልብ አላልኩም ነበር። የልጅ ተንኮል መች ሩቅ ያያል? ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ አባቴም መሀላቸው ሆኖ፣ «ወየው! ወየው!» እያሉ እማማ ሽታዬ ግቢ ገቡ። እማማ ሽታዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተብን?» ብለው እሳቸውም አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

የሚሣቅ ይመስላል፤ የሣቀ ግን አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ በንዴት «ወሬውን ያመጣው ማነው?» ብለው ጮኹ። ጋሽ ይመር አዩኝ። «ጆሮዬ ነው ጌታዬ» አሉ። «የጊታር ጩኸት ያደነቆረው ጆሮ ነው፤ ሌላ ነገር ተነግሮኝ ነው የሳትኩት። ይቅር በሉኝ።» በአጠገቤ ሲያልፉ ራሴን ዳበስ አድርገው «አብሽሪ» ብቻ አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እማማ ሽታዬ መስቀልን ሳያዩ አረፉ። ልጆቻቸው «በቁማቸው ያለቀሰባቸው እሱ ነው» አሉ፤ ወሬው ገበያውን ሞላው። ጋሽ ይመር ለቀብር ሲመጡ ከበር መለሷቸው። ሰላምታቸውን የሚመልስላቸው ሰው እያነሰ ሄደ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከአጥራቸው ላይ እየጎተቱ ወሰዱ። ወፍጮው የነበረው ቅጽል ስማቸው ሟርተኛው ሆነ። እኔ በየቀኑ «ነገ እናገራለሁ» እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ የአባቴ ፊት ይደቀንብኛል። ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ ስደርስ ጋሽ ይመር ጊታራቸውን አይሱዙ ላይ ሲጭኑ አገኘኋቸው። ቃሬዛ ነው የሚያስወጣኝ ያሉትን ቤት በቁማቸው ቆለፉት። «በርቺ፣ ትምህርትሽን» አሉኝ። ስንቄን እንደተሸከምኩ ቆሜ ቀረሁ፤ መኪናው ሲነሣም አፌን አልከፈትኩም።

አባቴ ስንቄን ባሸከመኝ ቁጥር «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይል ነበር። ስንቁ እውነትም ይቀላል፤ ሐሙስ ሲደርስ ባዶ ከረጢት ነው። ሌላው ግን አልቀለለኝም። ዛሬ መምህር ሆኛለሁ፤ ተማሪ ሲዋሽ ስይዝ እንኳ የምቆጣበት አንደበት የለኝም።

ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ የጋሽ ይመር ልጅ በሬዲዮ ቀርባ ያችን ልጅ እየፈለገቻት መሆኑን ነገረን፤ ስልክ ቁጥሯንም መስታወቱ ላይ ከለጠፈው የአልበሙ ማስታወቂያ አሳየን። ያኔ መድረኩ ላይ ሮጬ ለመውጣት አላመነታሁም። አሁን አንድ ቁጥር ለመደወል አራት ቀን ፈጀብኝ።

«እሰይ! ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለችኝ፤ ድምጿ የአባቷን ይመስላል። «ላመሰግንሽ ስፈልግሽ ነበርኮ! አባዬ ያንን ካሴት ለማንም አይሰጥም ነበር። አገሩ ሲነሣ እንባው ይመጣል፤ እንውሰድህ ስንለው ግን እምቢ ይላል። ምክንያቱን ሳይነግረን ሞተ። እስቲ ንገሪኝ፣ የማን ነበር ልቅሶው?»

«የማንም» አልኳት። «ማንም አልሞተም ነበር።»

ከግጥሜ ጀምሬ እስከ አይሱዙው ድረስ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንደ አባቷ «አብሽሪ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

አላለችኝም።