ተመስገን ሲገመት

ባለጀልባው አዘዘ መጀመሪያ ያየው በሴትዮዋ ሹሩባ ውስጥ የተሰካውን የደንገል ስንጣሪ ነበር። መዳፍ የሚያካክሉ የደንገል ታንኳዎች እየሠራች ጣና ዳር ለእንግዳ ትሸጣለች። ዛሬ ግን እጇ ሥራ ፈትቶ ዳርቻው ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋንም ቤተ ክርስቲያን እንደሚስም ሰው አጣፍታለች።

"እትዬ፣ ወዴት ነው?" አላት።

"ግብር ቢሮ። ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ዛሬ ነው። የጣሉብኝ ግምት ከጸና ሥራውን መተዌ ነው።"

"ምን ብለዋቸው ነው እንዲህ የገመቱብዎ?"

"ገማቾቹ 'ገበያ እንዴት ነው?' ቢሉኝ 'ተመስገን፣ ሞልቶ ተርፏል' አልኋቸው። ሰላምታ መስሎኝ። ለካ የቀን ገቢዬን እየገመቱ ኖሯል።"

አዘዘ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "ታዲያ ዛሬ ቀዝቅዟል ይበሏቸዋ" አላት።

"አንደበቴ እንቢ አለኝ፣ ልጄ። የቄስ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ባዶ መሶብ ከድነን እንኳ 'ተመስገን' ነበር የምንል።"

ሐይቁና ሰማዩ በጭጋጉ ውስጥ ተዋህደው፣ ደሴቶቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ሴትዮዋ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ከንፈሯን እንደ ዳዊት ደጋሚ እያንቀሳቀሰች በዋርካዎቹ ሥር ወደ ከተማው አዘገመች። ድምፅዋ በለሆሳስ ይሰማው ነበር፦

"ገበያው ቀዝቅዟል... ይቅር በለኝ... ገበያው ቀዝቅዟል።"