ቆመው የሚያሸንፉ ሰዎቼ

የዚያን ቅዳሜ ከኦሎምፒያ ወሎ ሰፈር ለመሄድ፣ ሽማግሌ በከዘራው የሚጨርሰውን መንገድ፣ ስንፍና ይዞኝ ውይይት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ገብቼም ለጥ አልኩ። ስነቃ ታክሲው ባዶ ነው፤ ፊት ለፊቴ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ተገትሯል። ወያላው በሩን ይዞ «አባባ፣ በረራዎ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። በእግሬ ወሎ ሰፈር እስክመለስ ምርጫው አልቆ ጠበቀኝ።

ምርጫ ስል የቤዝቦል ተጫዋች ምርጫ ማለቴ ነው። አትሳቁ። በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ወዳጅ አለኝ፤ ድሮ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ ያመጣት ሳጥን ነበረችው። ውስጧ የተጫዋቾች ካርድና ሁለት ዳዶ፣ ስድስት ፊት ያለው ባለ ቁጥር የመጫወቻ ጠጠር፣ አለ። ዳዶውን ትጥላለህ፣ የወጣልህን ቁጥር ካርዱ ላይ ትፈልጋለህ፤ ሰውየህ ኳሷን መታት ወይስ ሳታት፣ እሱ ይነግርሃል። ቴክኒሻኑ፣ አንድ የባንክ ጡረተኛ፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴና እኔ፣ አራታችንም ቤዝቦል የሚባል ነገር በዓይናችን ሳናይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴክኒሻኑ ግቢ የአሜሪካን ሊግ እናካሂድ ነበር።

የግቢው ጌጥ ነጋዴው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ሳይናገር ይውላል፤ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ዕቃውን በጣቱ ያሳያል እንጂ አፉን አይከፍትም። ቅዳሜ ግን ይጮሃል። ሪዛሙ እያለ የሚጠራው አንድ ባለ ሪዝ ተጫዋች ነበረው። ያ ሰው ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ ያሻገረ ዕለት፣ ነጋዴው ብድግ ብሎ በሜዳው አራት ማረፊያዎች ምትክ ግቢ ውስጥ የደረደርናቸውን አራት ወንበሮች እየነካ ይዞራል። «ሂድልኝ ሪዛሙ! ሂድልኝ!» ሲል የጎረቤት ጋራዥ መዶሻ ይቆማል። ልጁ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ አባዬ ድምፁ የሚሰማው እናንተ ጋ ብቻ ነው፤ አደራ» ብላኛለች።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ተኝቼ ስመጣ የጠበቁኝ ማንም ያልፈለጋቸው ተጫዋቾች ናቸው። ቦርጫም፣ መላጣ፣ መሮጥ የማይሆንለት ሁሉ። የባንኩ ሰው ካርዶቼን አገላብጦ አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ይኼ ቡድን ነው ወይስ የዕድር ስብሰባ?» አለ።

ቤቴ ገብቼ ካርዶቹን ስመረምር ግን አንድ ነገር አየሁ። ወርዋሪው ኳሷን አራት ጊዜ አበላሽቶ ከወረወረ፣ መቺው ዱላውን ሳያነሣ በነፃ ወደ መጀመሪያው ወንበር ያልፋል። የእኔ ቦርጫሞች ካርድ በዚህ በነፃ ማለፍ የተሞላ ነው። መምታት አይችሉም፤ መቆም ግን ያውቁበታል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በመቆም የኖርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ዘመዶቼን አወቅኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በስሕተት የደረሱኝን ሁለት መቺዎች ለባንኩ ሰው ሰጥቼ ሁለት ቋሚዎች ተቀበልኩ። አበደ ብለው ሳቁ።

ከዚያ ማሸነፍ ጀመርኩ። ግን ምን ዓይነት ማሸነፍ! አንዱ ቆሞ ያልፋል፣ ሁለተኛው ቆሞ ያልፋል፣ ሦስተኛው ያልፋል፤ አራተኛውም ሲያልፍ የፊተኛው ተገፍቶ የመጨረሻው ወንበር ይደርስና ነጥብ ይሆናል። ልክ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፦ ከኋላ ሰው ሲጨመር የፊተኛው ተገፍቶ በሩ ላይ ይደርሳል። ኳሷን የነካት የለም። ዳዶ እየጣልኩ «በነፃ… በነፃ…» ስል የራሴ ድምፅ ቀፈፈኝ። እንደ ቆየ ወጥ ነው፤ ትበላዋለህ፣ ትጠግባለህ፣ ያቅለሸልሽሃል። ቢሆንም አላቆምኩም፤ የሚያሸንፍ ሽማግሌ ማን አይቶ ያውቃል!

የባሰው የመጣው ሌሎቹ ሲነቁ ነው። ቴክኒሻኑ ቋሚ ሰበሰበ፣ የባንኩ ሰው ሰበሰበ። ግቢው ጸጥ አለ። የቴክኒሻኑ ሚስት ከጓዳ ብቅ ብላ «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለችን። አልተጣላንም፤ ቆመን ነው።

በመጨረሻ ነጋዴው ሪዛሙን ገፋ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠው። «አንድ ቦርጫም ስጠኝ» አለ።

«እውነትህን ነው?»

«ሁሌ መሸነፍ ሰለቸኝ።»

እኔ ጅቡ ተቀበልኩት! የዚያን ዕለት ነጋዴው በሰጠሁት ቦርጫም ቆሞ ቆሞ አሸነፈ። አልጮኸም። «ደኅና» ብሎ ኮቱን አንሥቶ ሄደ። በሳምንቱ አልመጣም። በሁለተኛውም።

ሁለቱን ወዳጆቼን «ቋሚ የሚባል ይከልከል» ብላቸው፣ የባንኩ ሰው «አንተ ከጠገብክ በኋላ ነው ጾም የምታውጅብን?» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱም ቢሆን ያን ጊዜ ገና መጉረሱ ነበር፤ ለጠገበ ሰው የሚጎርስ ማየት ደግሞ ያንገፈግፋል።

ሳጥኗን ከቴክኒሻኑ ተውሼ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ። ካንዴላና ፊልትሮ መሀል ተቀምጧል። እንደ ደንበኛ አየኝ፤ በጣቱ መቀመጫ አሳየኝ።

«ቅዳሜ እዚሁ እንጫወት፤ ሁለታችን ብቻ፣ በሚመቱ ሰዎች» አልኩት።

አንድ ካንዴላ አንሥቶ በጨርቅ ጠረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስታሸንፈን ደስ ይልህ ነበር?» አለ።

 የማላፍር ሰው አፈርኩ። «ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ጠበቀኝ። እንዳይሆን አድርጎ አሸነፈኝ። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ጩኸቱ መንገደኛ አስቁሞ፣ አንዲት ሴትዮ በበሩ አንገቷን አስግጋ «ሌባ ነው?» አለች። «አዎ፣ ይኸውና!» ብሎ እኔን አሳያት።

ስንለያይ «መልሴስ?» አለኝ።

«ሳምንት» አልኩት።

እነሆ፣ ያ ሳምንት አልደረሰም። ሲያገኘኝ ሁሉ እጁን ይዘረጋል፤ እኔም ስለ ዝናቡ አወራለሁ። አንዲት «አዎ» ወይም «አይ» ናት፤ እሷን እስከ ዛሬ አልሰጠሁትም።