ማርታን ከክፍሏ ላስወጣ ሄጄ

የካቲት 1999 የሴሚስተሩ ዕረፍት እንደጀመረ በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ ተነሣሁ። የጠራችኝ ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ታላቅ እህቴ ገነት ናት። የአሥር ዓመት ልጇ ማርታ በክፍሏ ብቸኛዋ ኦርቶዶክስ ስለሆነች፣ «ጾሟን አስረስተው ሃይማኖቷን ሊያስጥሏት ነው። አስተማሪ አይደለህ? መጥተህ እይልኝና ላስወጣት» አለችኝ። ማርታ ስልኩን ተቀብላ አለቀሰች። በእናትና ልጅ መሐል የገባ ሰው እንደማያምርበት እያወቅኩ እሺ አልኩ።

በመንገድ ላይ

እስከ ሞያሌ አስፋልት ነው፤ ዲላ አድረን በሰላም ደረስን። ከዚያ እስከ ኢሲዮሎ ግን ኮረኮንችና አቧራ ብቻ፣ የአውቶቡሱ መስኮት ደግሞ አይዘጋም። ገነት ናይሮቢ ስትቀበለኝ፣ «ሲሚንቶ ጭነህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። እንደ ጠላ የጠቆረ ሻይ አጠጥታ አስተኛችኝ።

ኢስትሊ

በማግስቱ ከማርታ ጋር ወደ ትምህርት ቤቷ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ለሁለታችን አርባ ሽልንግ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ማርታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አንክል፣ ለማሚ ንገራት፣ ፕሊስ። ከፋርዶሳ መለየት አልፈልግም» አለችኝ። ፋርዶሳ አብራት የምትቀመጥ ሶማሌ ልጅ ናት።

ክፍሉ ውስጥ

አስተማሪዋ፣ ሚስስ ዋንጂኩ፣ ከኋላ ወንበር ሰጠችኝ። ልጆቹን የምታስቀምጠው ሃይማኖት እያቀላቀለች ነው። በውይይት ሰዓት ማንም ስለ ራሱ እምነት አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ጎኑ ልጅ ነው። ሲሳሳት ጎረቤቱ ያርመዋል። እንዲህ ያለ ነገር በማስተማር ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

ዕለቱ የአንድ ልጅ ልደት ነበርና ኬክ ታደለ። ማርታ ዘንግታ እጇን ስትዘረጋ ገነት እውነቷን ነው አልኩ። ያኔ ፋርዶሳ እጇን ያዝ አደረገቻት።

«እንቁላልና ወተት አለው። ሁዳዴ ነው እኮ» አለቻት በእንግሊዝኛ።

ከቦርሳዋ ሙዝ አውጥታ ሰጠቻት። የራሷን ኬክ ወደ ዳር ገፍታ እሷም ሙዝ ላጠች።

ምግብ ቤቱ

ያየሁትን ለገነት ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ማርታን ጠራቻት፤ ልጅቱ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች።

«ጓደኛሽስ የማትበላው ምንድን ነው?» አለች ገነት።

«እኛ ያረድነውን ሥጋ አትበላም፣ ማሚ። ሽሮ ግን ትወዳለች። ኦንሊ ሚጥሚጣ እንዳይበዛ።»

«በይ ቅዳሜ ይዘሻት ነይ። ሚጥሚጣውን እኔ አውቅበታለሁ።»

ስለ ማስወጣት ዳግም አልተነሣም።

አዲስ አበባ

ትምህርት ሲከፈት ለሦስት ዓመት አንድ ወንበር የተጋሩትን አቤልንና ከድርን አስነሣሁ። «አቤል፣ ከድር እንዴት እንደሚጾም ንገረን» አልኩት።

«አላውቅም፣ ቲቸር» አለ አንገቱን ደፍቶ። ከድርም ስለ አቤል አያውቅም።

ሒሳቡን ለነገ አሳደርኩትና እንዲጠያየቁ ለቀቅኳቸው። የዕረፍት ደወል ተደውሎ አንድም ልጅ ከወንበሩ አልተነሣም።