ውሃ መሆን ያስተማረኝ አለቃ

አለቃዬ ታኦ የሚባለውን የቻይና ጥበብ ያገኘው አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ነው። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላቱን እየጎተተ ማውራት ጀመረ። ወላይታ ሶዶ ያለነውን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች አዳራሽ ሰብስቦ፣ «ውሃን ምሰሉ» አለን። «ውሃ አይታገልም፤ ዝቅ ወዳለው ይፈሳል። ያልተጠረበ እንጨት በራሱ ሙሉ ነው። እናንተም ራሳችሁን እንዳላችሁ ተቀበሉ።» ይህን ሁሉ ሲል እጁ ከከረባቱ ላይ አልወረደም።

ሰውየውን ድሮም አልወደውም፤ ነገሩ ግን ልቤን ነካው። ወላይትኛ እየተናገርኩ ነው ያደግኩት። አማርኛ የትምህርት ቤት ቋንቋዬ ስለሆነ ዛሬም ወንድና ሴት ይምታታብኛል። በዚህ ስሸማቀቅ ኖሬያለሁ። «እንዳለሁ ብቀበለውስ?» አልኩ ለራሴ።

ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ መራሁ። ከክልል የመጣችውን ሴትዮ ወደ መድረክ ስጋብዝ፣ «አሁን እንግዳችን ንግግር ያደርጋል» ብዬ እርፍ! አዳራሹ ሳቀ። እንግዳዋም ስቃ ንግግሯን ቀጠለች። አለቃዬ ግን በማግስቱ ቢሮ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማይክ አትይዢም። አማርኛሽ ያሳፍረናል።»

«ራሳችሁን እንዳላችሁ ተቀበሉ ብለውን አልነበር?»

ፈገግ አለ። ያቺን የጠቢብ ፈገግታ መስታወት ፊት ሳይለማመዳት አልቀረም። «እኔም እሱን ነው የምልሽ። ማይክ ተፈጥሮሽ እንዳልሆነ ተቀበይ። አትታገይ።»

እሱ እኮ የገሱባ ልጅ፣ እንደኔው ወላይታ ነው። አማርኛው እንደኔው ይንሸራተታል፤ ልዩነታችን እሱ ሲሳሳት የሚስቅ አለመኖሩ ነው።

ማታ ማታ ስለ ታኦ ከስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውን የሚመራ ከሰው በታች ይሁን፣ ንግግሩም ትንሽ ይሁን የሚል ሐሳብ አገኘሁ። ይህቺን ዘሏታል።

ከወር በኋላ ከክልል የመጡ እንግዶች አስከትሎ፣ በዴሳ ወደምትባል የወላይታ ከተማ ለገበሬዎች «የአእምሮ ሰላም» ሊያስተምር ሄደ። እኔን ወንበር እንዳስተካክል ወሰደኝ። መናገር እንደጀመረ አንዲት አሮጊት ተነሥተው በወላይትኛ፣ «በቆሎአችንን ተምች እየጨረሰው ነው፤ መድኃኒቱ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። እናቱ በምታናግረው ቋንቋ የተጠየቀው ሰው፣ «እማማ፣ ለእንግዶቹ እንዲገባቸው በአማርኛ ይጠይቁ» አላቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

ደሜ ፈላ። ካለሁበት ተነሥቼ ያለ ማይክ ጥያቄውን በአማርኛ ተናገርኩ። እንግዶቹ ወደ እሱ ዞሩ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተፈጥሮን ባንታገላት ጥሩ ነው። የሆነውን እንቀበል» አለ።

«ምን አለ?» አሉኝ እማማ።

«ተምቹን ተዉት፣ ይብላ ነው የሚለው» አልኩ በወላይትኛ።

ገበሬው ተንጫጫ። ከእንግዶቹ አንዱ መድኃኒቱን ለማስላክ እዚያው ስልክ መደወል ጀመረ። አለቃዬ ፊቱ ጠቁሮ ወደ እኔ መጣ፤ ያ የተጎተተ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«ቃሌን አጣመምሽ!» ብሎ ጮኸ።

«አላጣመምኩም። ያሉትን ነው የነገርኳቸው።»

መድኃኒቱ ደረሰ፤ ግን ግማሹ በቆሎ ካለቀ በኋላ ነበር። እኔን ደግሞ ቅጣት መስሎት ሃላሌ የምትባል የገጠር ከተማ መደበኝ። እዚያ የወረዳውን ስብሰባ በሁለቱም ቋንቋ የምመራው እኔ ነኝ። አማርኛው ላይ ስደርስ ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ ይሆናሉ። አንዳንዴ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ ስቄ እቀጥላለሁ። ድሮ ያቃጥለኝ የነበረው እፍረት አሁን የለም።

እሱ አድጎ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል አሉ፤ ስለ ትሕትናም ያሠለጥናል። እዚህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ይቅር በይው፣ ሸክሙ ይቀልልሻል» ይሉኛል። ሞክሬ አቃተኝ። ራሴን እንዳለሁ ስቀበል እሱን መናቄንም አብሬ ተቀብያለሁ፤ ምንም ሸክም አልሆነብኝም።