ገለኔ እርጎ ያረገዘች ሰሞን

መቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይክሮባዮሎጂ የሚማር ሰው የመጨረሻው ዓመት ላይ ሲደርስ ጨዋታው ሁሉ ይበላሻል። ምግብ ሲቀርብለት ስለ ሻጋታ ያወራል፤ ውሃ ሲሰጡት ከየት እንደተቀዳ ይጠይቃል፤ ለልምምድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ገብቶ ከወጣማ ሰው መጨበጥም ይተዋል። ገለኔ ግን ከዚህ ሁሉ የተረፈች ሳቂታ ልጅ ነበረች። ልቧን የወሰደው ወተትን እርጎ የሚያደርገው ባክቴሪያ ነው። ለመመረቂያ ጥናቷ ዳሪሙ ገጠር ወርዳ፣ ከሴቶቹ ቅል እርጎ ለምና፣ ዘሩን ለይታ፣ ክዳን ባላቸው ትንንሽ የላስቲክ ሳህኖች ላይ ዘራችው። የቀረው ሙቀት ብቻ ነው። ከበቀለላት ትመረቃለች፤ ካልበቀለላት ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ ቆማ ታያለች። እንደገና የምትጀምርበት ጊዜ አልነበራትም።

ታዲያ ያን ቅዳሜ ዝናቡ ዛፍ ጥሎ የመብራት መስመሩን በጠሰው። ከሰኞ በፊት እንደማይጠገን ተነገረ። ያለው ጄኔሬተር ከማቀዝቀዣዎቹ ስለማያልፍ ሳህኖቹ የሚሞቁበት ሳጥን መብረድ ጀመረ።

አማካሪዋ መምህር ፈንታሁን፣ "ሙቀት የምታገኚበት ቦታ ካለ ውሰጃቸው፤ ቴርሞሜትሩን ብቻ እንዳትረሺ" አሏት።

ገለኔ ወዲያው እናቷ ትዝ አሏት። እትዬ ዋሪቱ ኡካ ከተማ ላይ በእንጨት ምድጃ ዳቦ ጋግረው ይሸጣሉ። መንገድ ላይ እንዳይከፈቱ ሳህኖቹን በፕላስተር አሸገቻቸው፤ ከዚያ ብርድ እንዳይነካቸው ደርድራ ሆዷ ላይ በመቀነት ጠቀለለቻቸውና ሹራብ ደረበችበት። መስታወት ብታይ ኖሮ ከበሩ ትመለስ ነበር።

ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሚኒባስ ስትገባ ረዳቱ፣ "ኧረ ለነፍሰ ጡሯ ቦታ ልቀቁላት!" ብሎ ጮኸ። አይደለሁም ልትል ነበር። ግፊያውን ስታይ ግን ሳህኖቹ ደቀው እንደሚያልቁ ገባት፤ አመስግና ተቀመጠች። አጠገቧ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የእናቷ ጎረቤት፣ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ሀረገወይን። ደግ ሰው ናቸው፤ ወሬ ግን እሳቸው ዘንድ አያድርም። ሆዷን አዩ፤ ፊቷን አዩ።

"ማርያም ትቅረብሽ፣ የኔ ልጅ።"

"ኧረ እትዬ፣ እርጎ ነው እኮ!"

"አምሮትሽ እርጎ ነው? እኔም ናትናኤልን ያረገዝኩ ጊዜ ሌላ አላሰኘኝም።"

ከዚህ በኋላ ያለችው ሁሉ ሰሚ አጣ። ኡካ ሲደርሱ እትዬ ሀረገወይን በባጃጅ ፈተለኩ፤ ገለኔ ለሳህኖቿ ስትል ቀስ ብላ በእግሯ ሄደች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ዱቄት የነካ እጃቸውን አንጠልጥለው ምድጃው አጠገብ ቆመው ነበር። ሳቋን ይዛ ልታስረዳ ስትል ቆይ ብለው እጃቸውን አነሱ።

"ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር። አባትየው ማነው አልልሽም። ወልደሽ ለእኔ ስጪኝ፤ አሳድገዋለሁ። አንቺ ብቻ ትምህርቱን እንዳትተዪው።"

ገለኔ መንገዱን ሁሉ ስትፈራ የነበረው ቁጣ ነው። ይህን አላሰበችም። እየሳቀች መጥታ እንባዋ መጣ፤ እናቷን እንደዚያ ቀን ወዳቸው አታውቅም። ሹራቧን ገልጣ መቀነቱን ፈታች።

"ሀርሜ፣ እናቴ፣ የልጅ ልጆችሽ እነዚህ ናቸው።"

እትዬ ዋሪቱ ሳህኖቹን አዩ፤ የልጃቸውን ሆድ አዩ፤ ከዚያ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ምድጃው ግን የታሰበውን ያህል አልሆነም። ሳህኖቹ ሲጠጉት ቴርሞሜትሩ ያሻቅባል፤ ሲርቁት ይወርዳል። እትዬ ዋሪቱ ትንሽ አዩና ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ወዲህ በይ። አንቺን የቻለ ሆድ ይሄን ያቅተዋል?"

ሳህኖቹን ሆዳቸው ላይ አሰሩ። እንደታጠቁ አቦኩ፤ እንደታጠቁ ሸጡ። ገለኔ እየተመላለሰች ሙቀቱን ትለካለች። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ የእናትየውን ሆድ እያየ፣ "በዚህ ዕድሜ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው" ሲል፣ እሳቸው ደግሞ ማስተባበሉ ስለሰለቻቸው "አሜን" እያሉ መልስ ይሰጣሉ። ሰኞ ጠዋት ሳህኖቹ ተፈቱ። ነጫጭ፣ ክብ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ሞልተዋቸዋል። ገለኔ ጮኸች፤ እናቷ እሷ ስለጮኸች ብቻ አብረው ጮኹ።

ጥናቷን ባቀረበችበት ቀን እትዬ ዋሪቱ ነጭ ለብሰው አዳራሹ መጨረሻ ላይ ተቀምጠዋል። ፈታኙ ኮስታራ ሰው ነበሩ።

"መብራት ሲጠፋ በምን አሞቅሻቸው?"

"በእናቴ" አለች ገለኔ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፈታኙ አልሳቁም፤ የተለካውን ሙቀት አንድ በአንድ ጠየቋት፣ አንድ በአንድ መለሰች። ሙቀቱ ከሳጥኑ ትንሽ ዝቅ እንደሚል፣ ይህም የጥናቷ ጉድለት መሆኑን ሳትደብቅ ተናገረች።

"መልካም። ሌላ ተማሪ ጥናትሽን ልድገመው ቢል፣ እንዲህ ያለ ማሞቂያ ከየት ያገኛል?"

ገለኔ ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተች። "እንደሷ ያለ አያገኝም" አለች።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያያቸው እትዬ ዋሪቱ፣ የተባለው ባይገባቸውም፣ የደስታው ጊዜ የደረሰ መስሏቸው ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት። ፈታኙም ገለኔ ማለፏን የተናገሩት እልልታው እስኪያልቅ ጠብቀው ነው።