ደጉ የሚያሸንፍበት ቀን

«ያንን ልጅ የበላው አባትሽ ነው» አለችኝ ቲማቲም ሻጯ እትዬ ዘነበች፣ ካርቲየ ሁለት የሚባለው ሰፈር ገበያ ስመርጥ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ደጉን ማለቷ ነበር፤ እሷ ግቢ ነበር የሚያድረው። ከበላይዋ የተወጠረው የመኪና ሸራ ፀሐይ መትቶት ይሸት ነበር፤ ያደግኩበት ሽታ ነው።

አባቴ ካች አዘጋጅ ነበር። ካች ማን እንደሚወድቅ አስቀድሞ የተነጋገሩበት ትግል ነው፤ ተመልካቹ ባያውቅም እኛ ቤት ምሳ ላይ ይወራ ስለነበር እኔ አውቅ ነበር። ኅዳር ገብቶ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የወደብ እንጨት ገጣጥሞ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ ሸራ ወጥሮበት፣ በሱማሌኛም በዓረብኛም በፈረንሳይኛም እየተጣራ ከሰፈር ሰፈር ይዞር ነበር። ሁልጊዜ የሰፈሩ ልጅ ያሸንፋል፣ ሐበሻው ይወድቃል። «እንግዳ ባለቤቱን አይጥልም» ይል ነበር።

የሚወድቀው ደጉ ነበር፤ ወደ የመን ሊሻገር ከወሎ መጥቶ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም አባቴ ያገኘው፣ ትከሻው በር የሚሞላ ልጅ። የራሳችን ሰዎች «አንተ ስም አሰዳቢ፣ ዛሬስ ምን በልተህ ነው የምትወድቀው?» እያሉ ይተርቡት ነበር። እሱ ስቆ እኔን ትከሻው ላይ ያወጣኝና፣ ቤት ስንደርስ ግን «ጋሼ፣ አንድ ቀን ሰው ፊት ላሸንፍና ልሂድ» ይል ነበር። አባቴም የዓመቱ የመጨረሻ ግጥሚያ ያንተ ነው ብሎ ማለለት። ደጉም ጓደኞቹ ሲሻገሩ እሱ ቀረ።

የካቲት ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ። ደጉ ለሁሉም ተናግሮ ነበርና በሀብታሞቹ ሰፈር በሀራሙስ የሚሠሩት ሐበሻ ዘበኞችና ሞግዚቶች ሳይቀሩ ለብሰው መጡ። አባቴ ሕዝቡን አየና ወደ ደጉ ጠጋ ብሎ «ዛሬንም ውደቅልኝ» አለው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ደጉ አየውና ገባ፣ ወደቀ። ሐበሻው ሁሉ ሳቀ። ደጉ ተነሥቶ የሚታገልበትን ቀይ ካናቴራ አውልቆ፣ አጣጥፎ ለእናቴ ሰጣትና ሄደ። ጀልባ በሚነሣበት በኦቦክ በኩል ተሻገረ ተባለ፤ ቆይቶ ደግሞ ጀልባዋ ሰጠመች ተባለ።

ካምሲን የሚሉት የሙቀት ነፋስ መጥቶ አሸዋውን በየበሩ ሲያስገባ አባቴ ከቤት አልወጣም። በሚቀጥለው ኅዳር መድረኩን ሠራ፤ ግን ደጉን እንደካደው ወሬው ተሰምቶ ነበርና የሚወድቅለት ሰው አጣ። ካቹም በዚያው ቀረ።

ያኔ የአባቴ ጥሪ ሦስት ሰፈር ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ጋቦዴ ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ተኝቶ ውሃ ሲጠይቀኝ ጎንበስ ብዬ ነው የምሰማው። እትዬ ዘነበች ያለችኝን ነገርኩት።

«ያን ቀን ውደቅ ያልከው ሕዝቡን ፈርተህ ነው አይደል? ይበጠብጡብኛል ብለህ?»

«የምን ሕዝብ!» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ካሸነፈ ይሄድብኝ ነበር። እንዲቆይልኝ ብዬ ነው።»

ውሃውን አጠገቡ አስቀምጬለት ወጣሁ።